እትዬ ኑ እና የሐሙስ ሰልፈኞቻቸው

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፤ በር የሚያንኳኳና በሩ የሚንኳኳበት። ሀብታምና ድሃ፣ የተማረና ያልተማረ፣ ቀጭንና ወፍራም የሚባለው ክፍፍል ሁሉ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። እኔ ያለ ምንም ማመንታት ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ዘንድሮ ሃምሳ አራት ዓመት ሞላኝ። በዚህ ዕድሜዬ በገዛ ፈቃዴ የሰው በር ያንኳኳሁት ቢበዛ አምስት ጊዜ ነው፤ ከአምስቱም ሁለቱን ፎቅ ተሳስቼ ነው።

በር አንኳኪዎቹን እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሕንፃው አንድ አይጠፋም። የታመመ የሚያስጠይቁ፣ ለተበላሸ ቧንቧ ፊርማ የሚያሰባስቡ፣ ለስብሰባ ወንበር የሚያሸክሙ ናቸው። "አንተ ብቻ ና፣ ሌላውን ለእኛ ተወው" ይላሉ። ሄዳችሁ ስታዩት "እኛ" የተባለው ሕዝብ የለም። እሳቸው አሉ፣ እናንተ አላችሁ፣ በቃ።

የእኛ ሕንፃ አንኳኪ ክብርት እትዬ ኑ ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው ደብዳቤ አዳዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። "ኑ" ከአፋቸው ስለማይጠፋ ስማቸው ሆኖ ቀረ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ በእንፋሎትና በካውያ መሀል ሠርተው ጡረታ ወጡ። ቁመታቸው አጭር፣ ሰውነታቸው የከሳ፣ ጫማቸው ሶሉ ጎማ ነው። ጎማነቱን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ደረጃ ሲወርዱ ኮቴያቸው ስለማይሰማ፣ ሰው ሳይዘጋጅ ነው የሚያዘው።

ሐሙስ ሐሙስ፣ ልክ አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ በሬ ሦስት ጊዜ ይንኳኳል። የመጀመሪያው ለሰላምታ፣ ሁለተኛው ለማስጠንቀቂያ ነው። ሦስተኛው ፍርድ ነው።

ከእኔ ጋር የምትኖረው ታናሽ እህቴ ናት፤ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። እኔ ደግሞ ለአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ አምድ እጽፋለሁ፤ ስለዚህ ሁለታችንም ሁልጊዜ ቤት ነን። በሩ ሲንኳኳ በእጄም በዓይኔም "የለም በይልኝ" እያልኩ እለምናታለሁ። እህቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ "አለ! ውስጥ ነው፣ ካልሲውን እያደረገ ነው!" ትላለች። ካልሲ እያደረግኩ አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን ምን አማራጭ አለኝ?

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ከከተማችን ዳር በድንጋይ ከሰል የሚሠራ አሮጌ የኃይል ማመንጫ አለ። ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል፤ ጭሱም ከእኔ አምድ የበለጠ አንባቢ አለው፤ ጠዋት ጠዋት ሁሉም ሰው ቀና ብሎ ያየዋል። የከተማው ምክር ቤት ይህን ማመንጫ አስፋፍቶ ለሌላ ሠላሳ ዓመት ሊያሠራው አስቧል። በጋው ደግሞ ከዓመት ዓመት እየባሰ፣ አስፋልቱ ጫማ እየያዘ መጥቷል። እናም ጥቂት ሰዎች በየሳምንቱ ሐሙስ፣ የምክር ቤቱ አባላት ለምሳ በሚወጡበት ሰዓት፣ ካርቶን ላይ መፈክር ጽፈው በር ላይ ይቆማሉ። ጥቂት ስል አሥራ ሁለት ማለቴ ነው። አሥራ ሁለቱንም የጠሯቸው እትዬ ኑ ናቸው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠሩኝ የተለዋወጥነውን አልረሳውም።

"ና እንሂድ" አሉኝ።

"የት?"

"ምክር ቤቱ ጋ።"

"ምን ልናደርግ?"

"ልንቆም።"

"እስከ መቼ?"

"እስከ ሰባት ሰዓት።"

እኔ የጠየቅኩት ስለ ትግሉ ፍጻሜ ነበር። እሳቸው ግን የመለሱልኝ በሰዓት ነው። አሁን ሳስበው፣ የሄድኩት ለዚያ ይመስለኛል። "እስከ ድል" ቢሉኝ ኖሮ በሩን በአክብሮት እዘጋው ነበር። እስከ ሰባት ሰዓት መቆም ግን ማንም ሰው ይችላል።

ስለ አየር ንብረት ለውጥ አስተምረውኝ አያውቁም። አንድ ቀን ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "እትዬ፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ አሥራ ሁለት ሰው በር ላይ መቆሙ ለሰማዩ ምን ይፈይድለታል?" አልኳቸው።

"ለሰማዩ ብዬ መች ጠራሁህ? ካርቶኑ ከብዶኛል፤ በዚያ በኩል ያዝልኝ" አሉኝ።

ያዝኩላቸው። ይኸው ሦስት ዓመት ይዤላቸዋለሁ።

አዘጋጄ ባለፈው ዓመት "ሰው ለአየር ንብረት ብሎ አደባባይ የሚወጣው ምን ገፋፍቶት ነው?" በሚል ርዕስ እንድጽፍ አዘዘኝ። ሁለት ሳምንት አነበብኩ። ሊቃውንቱ ንዴት አሉ፣ ተስፋ አሉ፣ የህሊና ወቀሳ አሉ፣ የወገን ስሜት አሉ፤ እያንዳንዱንም በቀስት አያይዘውታል። ቀስቶቹን ይዤ ወደ ሰልፈኞቻችን ሄድኩ። አንዱም ቀስት አላገኛቸውም።

በመጀመሪያ የጠየቅኩት ከሕንፃችን ሥር የሚሠራውን ፀጉር አስተካካይ ነው። "የመጣሁትማ" አለኝ፣ "ሱቄ ውስጥ የሚያዳምጠኝ ሰው አንገቱ ላይ ምላጭ ስላለ ነው። እዚህ ግን በነፃነቱ የሚያዳምጠኝ አገኘሁ።" እውነት ነው፤ ያወራል። ስለ ጭሱ ይጀምርና በአማቱ በኩል ዞሮ ወደ ጭሱ ይመለሳል። ግን አንድ ሐሙስ፣ ወሬ አልቆበት ዝም ባለበት፣ "ጋሼ፣ ልጄ በበጋ ሌሊቱን ሙሉ ደረቷ ያፏጫል" አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ወዲያው ስለ አማቱ ቀጠለ።

ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ፋርማሲስት፣ "እናንተን ልጠብቅ ነው፤ አንዳችሁ ትወድቁና ማን ያነሳችኋል?" ትላለች። ከሁላችንም ለመውደቅ የቀረበችው እሷ ናት፤ ጉልበቷ ስለሚያማት አንድ ሰው ክንዷን ይዞ መቆም አለበት። የአውቶቡስ ሹፌሩ ደግሞ ምንም አይልም። የደንብ ልብሱን እንደለበሰ በምሳ ዕረፍቱ ይመጣል፣ ሃያ ደቂቃ ይቆማል፣ ሰዓቱን አይቶ ይሄዳል። ስጠይቀው፣ "ባለፈው በጋ አንዲት ነፍሰ ጡር አውቶቡሴ ውስጥ ወደቀችብኝ" አለ። ተረፈች ወይ ብዬ ልጠይቀው አልኩና ፊቱን አይቼ ተውኩት።

ለአዘጋጄ "ሰው መጀመሪያ ይመጣል፤ ምክንያቱን መንገድ ላይ ያገኘዋል" ብዬ ጻፍኩለት። "ቀስት የለውም" ብሎ መለሰልኝ።

የደከመኝን ቀን ብቆጥር ማለቂያ የለውም። አንድ ሐሙስ ዶፍ ዝናብ ወርዶ አራት ሆነን ቆምን። ጃንጥላዬን ለራሴ ልይዝ ስል እትዬ ኑ ነጥቀው በካርቶኑ ላይ ዘረጉት። "አንተ ትደርቃለህ፣ ቀለሙ ግን ይለቃል" አሉኝ። የምክር ቤቱ የጥበቃ ሠራተኛ ከመጠለያው አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ "ዛሬም መጣችሁ?" አለ።

"መጣን" አልነው።

"በዚህ ዝናብ?"

"ሐሙስ እኮ ነው" አሉ እትዬ ኑ። የእሳቸው ማስረጃ ሁሉ ይኼው ነው።

አንድ ወፍራም የምክር ቤት አባልም አለ። ከመኪናው ሳይወርድ፣ እንደ ሙሽራ ሚዜ ፈገግ ብሎ እጁን ያውለበልብልናል። ፀጉር አስተካካዩ መልሶ ያውለበልባል። "ምን ላድርግ፣ ደንበኛዬ ነው" ይላል።

እንግዲህ በዚህ ዓይነት ስንደክም ከርመን ነው፣ ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ወጣት የሥነ ልቦና ተመራማሪ መጠይቅ ይዛ የመጣችው። ሰዎች ወደ ሰልፍ የሚወጡበትን ምክንያት ታጠናለች። ከሰልፉ በኋላ በአጥሩ ጥላ ሥር ተራ በተራ አስቀመጠችን። አንድ ዓረፍተ ነገር ታነባለች፤ ከ"በጣም እስማማለሁ" እስከ "ፈጽሞ አልስማማም" አንዱን መምረጥ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሁሉንም "በጣም እስማማለሁ" አለ። "ሰልፍ መውጣት ለውጥ ያመጣል" ስትለው በጣም ተስማማ፤ "ሰልፍ መውጣት ጊዜ ማባከን ነው" ስትለው ይበልጥ ተስማማ። የእትዬ ኑ ተራ ሲደርስ እኔ ታጣፊ ወንበራቸውን ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

"እማማ፣ ለሰልፍ እንዲወጡ ያነሳሳዎት ዋናው ምክንያት ምንድን ነው? ለመጪው ትውልድ ማሰብ፣ በባለሥልጣናት መናደድ፣ ለውጥ ይመጣል ብሎ ማመን..."

"ሌላ የሚል የለውም?"

"አለው። ሌላ ከሆነ ይግለጹ ይላል።"

"እንግዲያው ሌላ።"

"ይግለጹልኛ።"

"ፋርማሲስቷን ማን ይይዛታል ብዬ ነው። ጉልበቷን ያማታል።"

ልጅቷ ጻፈች። "እሺ፤ ፋርማሲስቷስ ለምን ይመጣሉ?"

"ስለጠራኋት ነዋ።"

"ሹፌሩስ?"

"ጠራሁት።"

"እሳቸውስ?" ብላ ወደ እኔ ጠቆመች።

"እሱን ሦስት ጊዜ ማንኳኳት ነው" አሉ እትዬ ኑ። "ሁለት ጊዜ አይሰማም።"

ተመራማሪዋ ሳቀች። ከዚያ፣ በመጠይቋ ላይ ያልነበረ ጥያቄ እንደሆነ ያስታውቅ ነበር፣ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ "እርስዎንስ ማን ጠራዎት?" አለቻቸው።

 እትዬ ኑ የቀሚሳቸውን ጠርዝ በመዳፋቸው ተኮሱት፤ እንደ ካውያ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ።

"አንድ ሰውዬ ጠርቶኝ ነበር" አሉ። "ከፊት ለፊቴ ይኖር የነበረው። የማተሚያ ቤቱ።"

ሰውዬውን አውቀዋለሁ። አምስተኛ ፎቅ፣ ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር፣ ከእትዬ ኑ በር ፊት ለፊት ብቻውን ይኖር የነበረ ጡረታ የወጣ ፊደል ለቃሚ ነው። አምዴ በወጣ ቁጥር የፊደል ግድፈቶቼን በቀይ አስምሮ፣ ከጋዜጣው ቆርጦ፣ ጥግ ላይ "በአክብሮት" ብሎ ጽፎ በበሬ ሥር ያስገባልኝ ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በዚያ በቀለጠው በጋ፣ ክፍሉ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በሕንፃችን ስለዚህ ነገር ብዙ አልተወራም። ሰው ሙቀት ገደለው ማለት ያሳፍራል መሰለኝ፤ ዕድሜ ነው አልን፣ ልብ ነው አልን፣ አለፈ።

እትዬ ኑ ቀጠሉ። "ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት ላይ በሬን አንኳኳ። 'ሙቀቱ አላስቀምጥ አለኝ፤ ነይ ታች ወርደን ጥላው ሥር እንቀመጥ' አለኝ። መጋረጃ እየተኮስኩ ነበር። 'ነገ' አልኩት። 'እሺ፣ ነገ' አለና ተመልሶ ገባ።"

የቀሚሳቸውን ጠርዝ ለቀቁት።

"ብቻውን መውረድ ይችል ነበር እኮ። አሞት አልነበረም፤ እግሩ ደህና ነበር። ግን አልወረደም። እንጃ፣ ሰው ብቻውን ጥላ ሥር መቀመጥ ያፍር ይሆናል። ረቡዕ አላንኳኳም። እኔም አላንኳኳሁም፤ የተኮስኩትን መጋረጃ ስሰቅል ዋልኩ። ሐሙስ ነው በሩ የተሰበረው። ስድስት ሰዓት ላይ።"

ተመራማሪዋ ወረቀቷን አየች፣ እትዬ ኑን አየች። "አዝናለሁ" አለች በቀስታ።

"አንቺ ምን አደረግሽ? ጻፊ፣ ጻፊ" አሉ እትዬ ኑ። "ከዚያ ወዲህ ነገ አልልም። ሰውም ነገ ሲለኝ አልሰማም። ያው ሰልፉ ተገኘና ለሰልፉ እጠራለሁ። ሰልፉ ባይኖር ለሌላ ነገር እጠራ ነበር። ግን ያ ጭስ ሠላሳ ዓመት ይቀጥል ሲሉ፣ ሠላሳ በጋ ነው የሚሉት። ከቆርቆሮ ሥር ሠላሳ በጋ! እነሱ አምስተኛ ፎቅ ወጥተው ያውቃሉ?"

እኔ ወንበሩን ይዤ ቆሜያለሁ። ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። በዚያ ሳምንት በበሬ ሥር ወረቀት አልገባም። እኔም ለእህቴ፣ "አየሽ! ዛሬ አንድም ግድፈት አልተገኘብኝም" ብዬ ፎከርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ከእሱ ሦስት ፎቅ ዝቅ ብዬ ነው የምኖረው፤ አንድም ቀን ወጥቼ አመስግኜው አላውቅም። ይህን ለተመራማሪዋ አልነገርኳትም። ተራዬ ሲደርስ "ለመጪው ትውልድ በማሰብ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ወጣሁ።

ምክር ቤቱ በማመንጫው ላይ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ባለፈው ወር ደረሰ፤ እሱም ሐሙስ ዋለ። አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ በሬ አልተንኳኳም። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሆነ። እህቴ የስፌት መኪናዋን አቁማ ቀና አለች። ካልሲዬን ሳያዙኝ አድርጌ ደረጃውን ሽቅብ ወጣሁት።

እትዬ ኑ አልጋ ላይ ናቸው። ፊታቸው በትኩሳት ቀልቷል፤ ግንባራቸው ላይ እርጥብ ፎጣ አለ። ፋርማሲስቷ በዚያ ጉልበቷ አምስት ፎቅ ወጥታ አጠገባቸው ተቀምጣለች፤ "ከዚህ አልጋ ብትነሺ ከእኔና ከአንቺ አንዳችን እንሞታለን" እያለች።

"ሂድ ጥራቸው" አሉኝ እትዬ ኑ።

"ማንን?"

"ሁሉንም።"

"እኔ?"

"አይ፣ ግድግዳው።"

ሕንፃችን ሃያ አራት በር አለው። አብዛኞቹን ከዚያ ቀን በፊት በሩቁ ነበር የማውቃቸው። የመጀመሪያውን በር አንኳኳሁ። አንድ የሒሳብ መምህር ከፈተልኝ። ጉሮሮዬን ጠራርጌ ስለ ሙቀት መጠን፣ ስለ ጭስ መጠን፣ ስለ ምክር ቤቱ ታሪካዊ ኃላፊነት ሁለት ደቂቃ ያህል ተናገርኩ። በአምዴ እንዲህ አሳምሬ ጽፌ አላውቅም። "በጣም ጥሩ ሥራ ነው፣ በርቱ" አለኝና በሩን ዘጋ። ሁለተኛው በር ላይ ንግግሬን አሳጠርኩ፤ ሴትዮዋም ምስጋናዋን አሳጠረች። ሦስተኛው ጋ ስደርስ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ምላሴ ተሳስሯል። የከፈተልኝ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ከሥራ ገብቶ ሸሚዙን እያወለቀ ነበር።

"እትዬ ኑ ታመዋል" አልኩት። "እኔ ብቻዬን ነኝ። አብረኸኝ ትሄዳለህ?"

አየኝ። "የት?"

"ምክር ቤቱ ጋ።"

"እስከ ስንት ሰዓት?"

"እስከ ሰባት።"

"ጫማዬን ላድርግ" አለ።

እንዲያ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልተናገርኩም። በየበሩ ይህችኑ አልኩ፤ እትዬ ኑ ታመዋል፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ። እምቢ ያሉኝ አሉ፤ ልጅ የሚያጠቡ፣ ድስት የጣዱ፣ "ዛሬስ አልችልም" ያሉ። ግን ከኋላዬ ያለው ኮቴ እየበዛ መጣ። ኮቴ በበዛ ቁጥር ደግሞ የሚቀጥለው በር ሳይንኳኳ መከፈት ጀመረ። ወደ ሒሳብ መምህሩ ተመልሼ ሄድኩ፤ በአጭሩ ነገርኩት። "ቅድም እንዲህ ብትለኝ ምን ነበረበት!" ብሎ ተቆጣኝ፣ መጣ። እህቴም መኪናዋን ሸፍና ወረደች። እሷን ማን እንደጠራት አላውቅም፤ እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳ "ነይ" ብያት እንደማላውቅ ያኔ ነው የገባኝ።

አርባ ሦስት ሆንን። የአውቶቡስ ሹፌሩ ሦስት ባልደረቦቹን ይዞ መንገድ ላይ፣ ፖስታ ቤቱ ማዕዘን ጋ ጠበቀን፤ አራቱም የደንብ ልብስ ለብሰው፣ አራቱም ዝም ብለው። ምክር ቤቱ ጋ ስንደርስ የጥበቃ ሠራተኛው ከመጠለያው ወጥቶ፣ "ዛሬ ምን ተገኘ?" አለ። "እትዬ ታመው ነው" አልነው። "እኔን! ምን ነካቸው?" አለና ውሃ ያመጣልን ጀመር። ያ ወፍራም የምክር ቤት አባል በመኪና ሲያልፍ እጁን ሊያውለበልብ አነሳ፤ ቁጥራችንን አይቶ መለሰው። ፀጉር አስተካካዩ በዚያን ቀን አላውለበለበም። ካርቶኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ ስለ አማቱም ሳያወራ፣ እስከ መጨረሻው ቆመ።

ሰባት ሰዓት አለፈ፤ ማንም አልሄደም። ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ጸሐፊ ወጥቶ ከወረቀት አነበበልን። ጉዳዩ ለተጨማሪ ጥናት በሦስት ወር ተራዝሟል።

 ለመደሰትም ለመናደድም ተዘጋጅተን ነበር የመጣነው፤ ለመራዘም ግን ማን ተዘጋጀ?

"አሸነፍን ወይስ ተሸነፍን?" አለኝ ፀጉር አስተካካዩ።

"እኔም አላወቅኩም" አልኩት። እግሬ እንዳመመኝ ብቻ ነው የማውቀው።

ስንመለስ ደረጃው የማያልቅ ሆነብኝ፤ አምስተኛ ፎቅ ስደርስ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ከቆርቆሮው ሥር ያለው ሙቀት ፊቴን እንደ ምድጃ ገረፈኝ። እትዬ ኑ ነቅተው ነበር። መስኮቱ ተከፍቶ፣ የፋርማሲስቷ ማራገቢያ ወንበር ላይ ቆሞ ይሽከረከራል።

"ስንት ሆናችሁ?"

"አርባ ሦስት።"

"ውሸታም!"

"ጥበቃውን ይጠይቁ፤ ውሃ ያደለን እሱ ነው።"

"ውሳኔውስ?"

"ሦስት ወር ተራዘመ።"

ጣታቸውን አንድ ሁለት እያሉ አጠፉ። "አሥራ ሦስት ሐሙስ" አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ከአፋቸው ሰምቼው የማላውቀውን ቃል አወጡ። "ደከመኝ።"

 "እኔም ደክሞኛል፣ እትዬ" አልኳቸው።

"አንተማ ተፈጥሮህ ነው" አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። ቀጥለው፣ "በል ተቀመጥ። ከመጀመሪያው ንገረኝ። ማን ከማን ጎን ቆመ? አንድም ሰው እንዳትዘልል።"

እኔ ነገር አሳጥሬ በመጻፍ የምኖር ሰው ነኝ፤ የዓለምን ጉዳይ ሁሉ ግማሽ ገጽ ላይ ስጨርስ ኖሬያለሁ። ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩና ከሒሳብ መምህሩ በር ጀመርኩ። ከንግግሬ በኋላ በሩን እንዴት እንደዘጋብኝ ስነግራቸው በከንፈራቸው ጥግ ሳቁ። የቧንቧ ሠራተኛውን ነገርኳቸው። እህቴ ከቤት ስትወጣ የቱን ሻርፕ እንደለበሰች፣ የፋርማሲስቷን ቦታ ይዞ ቆሞ የነበረው ማን እንደሆነ፣ ከአራቱ ሹፌሮች የቱ ቀድሞ ካርቶን እንደተቀበለ ነገርኳቸው። መሀል ላይ ትንፋሻቸው ረዘመ፤ ቀና ብዬ ሳያቸው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ፎጣውን በቀዝቃዛ ውሃ ነክሬ መለስኩላቸው።

መሄድ እችል ነበር። ድምፄን ዝቅ አደረግኩና ቀጠልኩ። ገና ፖስታ ቤቱ ማዕዘን ላይ ነበርን፤ አርባ ሦስታችንም መንገድ ልንሻገር ቆመናል፤ ሹፌሩ እጁን ዘርግቶ መኪና አስቁሞልናል፤ የሁሉንም ስም ገና አልጨረስኩም።